ያን ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም አንሶላውን ከማሽን ስታወጪ ይይዝሻል? ባለቤትሽ እንደምን አለ? ልጆቹስ? ትልቋ ጥርሷን በሽቦ ታሰረች ብለሽን ነበር፤ እንደ ልቧ መብላት ጀመረች? ትንሹስ እንቅልፍ ያስተኛሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በጤና አለን። የእማዬ ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ በእግሯ ትሄዳለች፣ ትቆጣለች፣ የጎረቤቱን ድመት ታሳድዳለች። የኩሽናው ጣሪያ ማፍሰሱን አቁሟል፤ ሁለት ቆርቆሮ ቀየርኩለት። የአንቺን ናፍቆት ግን በቆርቆሮ አይደፍኑትም።

በጤና አለን ብዬ ስጽፍ እጄ እንደከበደው አልደብቅሽም። ባለፈው እሑድ በስልክ "የገዛ ወንድምህን አሳልፈህ ሰጠህ" ብለሽኝ ዘጋሽብኝ። አልተቀየምኩሽም። እኔና አንቺ በስልክ ከተጯጯህን ጎረቤት ይሰማናል እንጂ እርስ በርስ አንሰማማም፤ ስለዚህ ብዕር ማንሳት ይሻላል አልኩ። የታናሽ ወንድማችን ጠበቃ ስለላከልሽ ወረቀት እማዬ ነግራኛለች። ማሙሽ ያን ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቤት ተቀምጦ ከአንቺ ጋር በስልክ ያወራ እንደነበር እንድትመሰክሪ፣ ፈርመሽም እንድትልኪ ነው የሚለው። ፈርሚም አትፈርሚም ከማለቴ በፊት ዓይኔ ያየውን፣ እጄ የዳሰሰውን ልንገርሽ። ረዘም ይላልና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጋሼ ዶክተርን መቼም አልረሳሻቸውም። ከእኔ ሱቅ አራት በር አልፎ ያለው መድኃኒት ቤት የእሳቸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ሲላቸው "ዶክተርስ ሌላ ነው፣ እኔ መድኃኒት ሻጭ ነኝ" እያሉ ሠላሳ ዓመት ሲያርሙን ኖሩ፤ ማን ሰምቷቸው። ከብስክሌት ወድቀሽ ጉልበትሽ የተተለተለ ጊዜ ቁስሉን እያጠቡ ቀልድ ይነግሩሽ ነበር፤ አንቺ እያለቀስሽ ስትስቂ እኔ ደሙን ፈርቼ በር ላይ ቆሜ ነበር። የእማዬ የግፊት ክኒን የሚያልቅበትን ቀን ከእሷ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ይህን ሁሉ ዓመት ስናውቃቸው በየትኛው ወገን እንደሆኑ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

ጥያቄው የመጣው ከንቅናቄው ጋር ነው። እኔም አባል ነበርኩ፤ አንቺ ዘንድ የመጀመሪያውን ስብሰባ ቪዲዮ የላክሁት እኔው ነኝ፣ ምን ዋጋ አለው መካዱ። ጥያቄያችንም ከመሬት የተነሳ አልነበረም። የሰፈራችን ልጅ ተምሮ ሥራ ያጣ ነበር፤ ቢሮ ስንሄድ ከበር ይመልሱን ነበር፤ አቤት የምንልበት አልነበረንም። ሰብሳቢው ደግሞ የሒሳብ መምህራችን ሆኑ። ማዕዘን መለካት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ መስታወት ቆርጬ የማድረው በእሳቸው ትምህርት ነው። እሳቸው የያዙት ነገር ይጣመማል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? እያደር ግን ስለ ሥራ ማውራት ቀረና ወሬው ሁሉ ስለ "እነሱ" ሆነ። ለየሱቁ ፖስተር ታደለ። እኔ ለጠፍኩ። ጋሼ ዶክተር "እኔ መስኮት ላይ የሚለጠፈው መድኃኒት ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ብቻ ነው፤ የእናንተንም የእነዚያንም አልለጥፍም" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው በየስብሰባው መነሳት ጀመረ።

ያን ሐሙስ ለውበት ሳሎኗ ሴትዮ መስታወት እየቆረጥኩ ነበር። እማዬ እንደ ልማዷ ሱቄ መጥታ ከጓዳው ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ከአንቺ ጋር በስልክ እያወራች። ሰልፉ ከላይ እየጨፈረ ሲወርድ ሰማሁት፤ ቢበዛ አርባ ሃምሳ ሰው ቢሆን ነው። ሰልፍ ለምደናልና ቀና ብዬም አላየሁ። ከዚያ መስታወት ሲረግፍ ሰማሁ። እታለም፣ በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ብርጭቆ ሲወድቅ፣ መስኮት ነፋስ ሲመታው፣ ጠርሙስ ሲፈነዳ ድምፁን ለይቼ አውቃለሁ። ይህ ሙሉ የሱቅ የፊት መስታወት በአንድ ምት ሲወርድ ነው። የማን እንደሆነም ሳልወጣ አወቅሁ፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ወጣሁ። ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርሽ። ማሙሽ ከፊት ነበር። ቀኝ እጁ ከውርወራው ገና አልተመለሰም። ጋሼ ዶክተር ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ከውስጥ ወጡ። አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል፣ በሌላው የማንበቢያ መነጽራቸውን ይዘዋል። "ምን አደረግኳችሁ ልጆቼ?" ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ሰዉ ከበባቸውና አላየኋቸውም። ማን እንደመታቸው አላየሁም፤ በኋላ ለፖሊስ መርማሪውም አላየሁም ነው ያልኩት። ሰዉ ሲበተን አስፋልቱ ላይ ወድቀው ነበር፣ ባለቤታቸው ሹራባቸውን አጣጥፈው ከራሳቸው ሥር ሲያደርጉላቸው። አንተስ የት ነበርክ ብትዪኝ፣ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የደረስኩት። በሥራዬ ቀኑን ሙሉ የገዛ ፊቴን ሳይ ነው የምውለው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራው ከብዶኛል።

ዓርብ ጠዋት ባለቤታቸው "ቢያንስ ዛሬ ቤቱ ክፍቱን አይደር" ብለው አስጠሩኝ። ወደ ሆስፒታል ሊመለሱ እየተጣደፉ ነበርና ቁልፉን ሰጥተውኝ ሄዱ። ስባሪው ሁሉ ያለው ውስጥ ነው። በመደርደሪያው ላይ፣ በሽሮፕ ጠርሙሶቹ መሃል፣ በሕፃናቱ መመዘኛ ሚዛን ላይ ሳይቀር። ከውጭ ጠርጌ የሰበሰብኩት ሁለት እፍኝ አይሞላም። መስታወት ሲመታ ስባሪው ወደተገፋበት ነው የሚሄደው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ሙያ አይጠይቅም። ከባንኮኒው ጀርባ ስጠርግ መጥረጊያዬ ብረት ነካ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ የጎማ መፍቻ ነው። እጀታው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ የእማዬ አሮጌ ቀሚስ ነው፤ ማሙሽ ጋራዥ ሥራ የጀመረ ሰሞን እጁ እንዳይላጥ ብላ የሰፋችለት።

ወደ ዕቃ ቦርሳዬ ከተትኩት። መስኮቱን በኮምፔንሳቶ ደፍኜ፣ ቁልፉን መልሼ፣ ምንም እንዳላገኘ ሰው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስለዚህ እታለም፣ ሌላውን ውሸታም ስል እኔ ንጹሕ ነኝ ማለቴ እንዳይመስልሽ። አራት ቀን ሙሉ ያን ብረት ተሸክሜ ዞሬያለሁ።

ቅዳሜ ፀጉሬን ልስተካከል ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩን ታውቂዋለሽ፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥነውን። ገና ፎጣውን አንገቴ ላይ ሲያስር "ምንም ሳይፈጠር አገር ተረበሸ እኮ፤ አንድ ሰው አልተነካም" አለኝ። ጎንና ጎኑን ሲጨርስ "የነካቸው ካለም ያው የራሳቸው ሰዎች ናቸው፤ የእኛን ቲሸርት ለብሰው ነው አሉ" አለ። አንገቴን ሊላጭ ምላጩን ሲያነሳ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሱስ ቢሆን አበዛው፣ የእጁን ነው ያገኘው" አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ አንቱ ሲላቸው የኖረውን ሰው። በአንድ ፀጉር ቁርጥ ሦስት ወሬ። ካልተነኩ የእጃቸውን እንዴት አገኙ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ምላጩን አይቼ ዋጥኩት። ሳቅሽ ይሆናል፤ እኔም መንገድ ላይ ወጥቼ ስቄያለሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ። የእሱ ሱቅ ከመድኃኒት ቤቱ ትይዩ ነው፤ ከእኔ የተሻለ አይቷል።

ያን ዕለት ባለቤትሽም ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ሰው ጋሼ ዶክተር መሬት ላይ ወድቀው ሳሉ የተነሳውን ፎቶ እያሳየ የጥላው አቅጣጫ ልክ አይደለም፣ ፎቶው ቅንብር ነው ይላል። ሁለቴ አየሁት። በፎቶው ጥግ ላይ የእኔ ሱቅ በር ይታያል፤ እኔም ቆሜበታለሁ። ቅንብር ከሆነ እኔም ቅንብር ነኝ ማለት ነው።

እሑድ ከሰዓት መምህሩ ሁለት ሰዎች አስከትለው ቤት መጡ። እማዬ ሻይ አቀረበች። አንድ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ፤ "የመስኮቱ መስታወት የተሰበረው ከውስጥ ወደ ውጭ መሆኑን እንደ ባለሙያ አረጋግጣለሁ" ይላል፣ ከሥሩ ስሜ ተጽፏል። "መምህር፣ ስባሪው እኮ ያለው ውስጥ ነው" አልኳቸው። "አንተ ስትደርስ ውስጥ ነበር። ማን ጠርጎ እንዳስገባው ታውቃለህ?" አሉኝ። ቆሜ አይቻለሁ ስላቸው፣ ክፍል ውስጥ ያልገባውን ተማሪ በሚያስረዱበት በዚያ በትዕግሥት ድምፃቸው "ዓይን ይሳሳታል ልጄ። ደግሞ ሰውየው ሽጉጥ ይዞ እንደወጣ ሦስት ምስክር አለን" አሉ። "መነጽር ነው የያዙት" አልኩ። አንደኛው ሰውዬ ብርጭቆውን አስቀመጠና "መስኮቱ ከውስጥ ነው የተሰበረው ካልክ እዚያ ማንም አልነበረም። አይ ካልክ ግን ያው የተሰበረው በአንተው ወንድም ነው" አለኝ። ዛቻ ይሁን ምክር ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው። መምህሩ በር ላይ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው "ጎበዝ ተማሪዬ ነበርክ" አሉኝ። ከዛቻው ይልቅ አጥንቴ ውስጥ የገባው እሱ ነው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጋሼ ዶክተር አረፉ።

ማሙሽ ለምሳ ሲገባ እማዬ ኩሽና ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እጁን ታጠበ። "ሰምተሃል?" አልኩት። "ሰማሁ፤ ልቡ ነው አሉ። ሰውየው ድሮም ሕመምተኛ ነበር" አለኝ። ሐሙስ የት ነበርክ አልኩት። "ጋራዥ" አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። እታለም፣ ይህ ልጅ ስኳር ሰርቆ እንኳ ቀና ብሎ ሊያየን አይችልም ነበር። መጀመሪያ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሸኝ መስሎኝ ተናደድኩ። በኋላ ነው የፈራሁት። አምኖታል። የገዛ እጁ የሠራውን አልሠራህም ብለውት አምኗቸዋል።

ቦርሳዬን አምጥቼ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "የእኔ አይደለም፤ እንዲህ ያለ መፍቻ በየጋራዡ ሞልቷል" አለ። እማዬ እንባዋን ጠርጋ ብረቱን አነሳችው። ጨርቁን በጣቷ ዳበሰች፣ ስፌቱን አገላብጣ አየች። "ይህ ስፌት የእኔ ነው" አለች። ማሙሽ ብድግ ብሎ "እናንተ ምን ታውቃላችሁ? ሰውየው ስማችንን ጽፎ ለእነሱ ይሰጥ ነበር። ለእናንተ ብለን ነው" አለ። ጋራዥ የነበረው ልጅ እጁ ሳይደርቅ "ለእናንተ ብለን ነው" ላይ ደረሰ። ምሳውን ሳይነካ ወጣ።

ብረቱን ልውሰደው ወይስ ልቅበረው ብዬ እማዬን ጠየቅኋት። "እኔን አትጠይቀኝ። እናት ይህን አትጠየቅም" አለችኝ። ልክ ናት። ስለዚህ በእሷ ላይ እንዳትፈርጂ፣ የወሰንኩት ብቻዬን ነው። ማክሰኞ ጠዋት ብረቱን ይዤ መርማሪው ዘንድ ሄድኩ። አራት ቀን መደበቄንም ጭምር ተናግሬ ፈረምኩ። ማሙሽን ከሰዓት ከጋራዡ ወሰዱት። የጋሼ ዶክተር ቀብር ላይ ሃያ ሰው አልሞላንም፤ ሬሳው በመንገዳችን ሲያልፍ ፀጉር አስተካካዩ መዝጊያውን እስከ ወገብ አውርዶ ከሥር ጫማው ብቻ ይታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ሳምንት ሆነ። ፖስተሩን ከመስኮቴ ላይ ልጬ አወረድኩ። በሬ ላይ በቀይ ቀለም "የተገዛ" ብለው ጻፉብኝ። የውበት ሳሎኗ ሴትዮ መስታወቷን ሌላ ዘንድ አሠራች። ከወር በፊት የእኔንም የፊት መስታወት አወረዱት፤ በማግስቱ ራሱ ሰብሮ ነው ተባለ፣ አልገረመኝም። እማዬ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትለን ነበር። እኔ እንዳየሁት ግን ዝም ከተባለ እያደር ይደፈርሳል። ሽጉጡን አየን የሚሉት ሦስት ነበሩ፤ አሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል።

አሁን ወደ ወረቀትሽ ልምጣ። ጠበቃው ባወጣው የስልክ መዝገብ ላይ ያን ሐሙስ አሥር ሰዓት ከአምስት ከአንቺ ወደ ማሙሽ ቁጥር የተደወለ፣ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የፈጀ ጥሪ አለ። ጥሪው እውነት ነው፤ ማሙሽ ራሱ ጋራዥ ነበርኩ ሲል ወረቀቱ ቤት ነበር ማለቱን ለጊዜው ልተወው። ግን ያ ቁጥር በእማዬ እጅ ያለው ነው፤ ሲም ካርዱን ማሙሽ በራሱ ስም አውጥቶ ስለሰጣት ነው በእሱ የተመዘገበው። አንቺ ታወሪ የነበረው ከእማዬ ጋር ነው፣ እሷም የተቀመጠችው ሱቄ ውስጥ ነው። በወሬያችሁ መሃል "ይህ የምን ድምፅ ነው?" ብለሻታል። ከእጄ የወደቀ መስሏት "ልጁ መስታወት ሰበረ መሰለኝ" አለችሽ። አንቺም "ቀስ በል በዪልኝ" ብለሽ ሳቅሽ። እታለም፣ ያ ድምፅ እሱ ነበር። በቪዲዮው አልተፈጠረም የሚባለውን ነገር አንቺ በጆሮሽ ሰምተሽዋል።

ሆን ብለሽ እንደማትዋሺ አውቃለሁ፤ በሰባት ሳምንት ውስጥ ያን ቀን ከማን ጋር እንዳወራሽ ተምታቶብሽ ይሆናል። ያለሽው ሩቅ ነው፤ የሚደርስሽ እነሱ የሚልኩት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማሙሽን አዝለሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። እኔም በአንቺ ቦታ ሆኜ ጀርባዬ ላይ ያደገው ልጅ ሰው ገደለ ቢሉኝ፣ አልተደረገም ከሚለው ሰው ጋር ነበር የምቆመው።

ግን ይህን ስሚኝ። እማዬ በየቀኑ ምሳ ታደርስለታለች። እኔን ማየት ስለማይፈልግ በር ድረስ ሸኝቻት ውጭ እጠብቃለሁ። ሰባት ሳምንት ሙሉ "ጋራዥ ነበርኩ" ሲላት ከረመ። ትናንት ግን ሳህኑን እንደያዘ "እማዬ፣ ሽጉጥ አልነበረም። የያዙት መነጽር ነው። እኔ ነኝ የገፋኋቸው፤ ሲወድቁ ሌሎቹ ረገጧቸው" አላት። ይህን የነገረችኝ ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ነው። ማታ፣ እሱ ከተያዘ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።

ችሎቱ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ለዳኛው ይናገር አይናገር አላውቅም። ጠበቃው የአንቺ ወረቀት ከደረሰ በነፃ አስወጣዋለሁ ይላል፤ ሊያስወጣውም ይችላል። ይወጣል፣ በትከሻቸው ተሸክመውት ይጨፍራሉ፣ መምህሩ ንግግር ያደርጋሉ፣ እሱም ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ጋራዥ ነበርኩ ማለት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያን ልጅ አንቺም እማዬም እኔም አናገኘውም። ካልፈረምሽ ደግሞ ይታሰራል፤ ስንት ዓመት እንደሆነ አላውቅም፣ ቀላል ነው ብዬም አላባብልሽም። ወንድማችን አፉን የከፈተው ትናንት ነው። የአንቺ ፊርማ መልሶ እንዳይዘጋው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ። ስደቢኝ ካሰኘሽም ስደቢኝ፣ ብቻ በደብዳቤ ይሁን፤ በስልክ ስትዘጊብኝ እከፋለሁ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ እሱ የላከልኝን ሁሉ እስከ መጨረሻው አይቻለሁና እሱም ይህን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ትልቋን ከነሽቦዋ ሳሚልኝ፣ ትንሹንም አጎትህ ሰላም ይልሃል በዪው። ለአማትሽም ጤና ይስጥልኝ። እማዬ ከባድ ዕቃ አታንሺ፣ ወገብሽን በሻሽ እሰሪ ብላለች። ማሙሽ በእኔ በኩል ምንም አላለም፤ እማዬ ግን "ሰላም ብሎሻል ብለህ ጻፍ" ስላለችኝ ጽፌያለሁ።

የጋሼ ዶክተር ባለቤትም መድኃኒት ቤቱን እንደገና ከፍተዋል፤ መስታወቱን ባለፈው ሳምንት ገጠምኩላቸው። ለአንቺ ደብዳቤ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው "እዚያ ብርዱ ኃይለኛ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ደረቷን ትሸፍን፣ እኔንም በጣም ናፍቃኛለች በልልኝ" ብለውሻል። ስለ ወረቀቱ አልነገርኳቸውም።

አክባሪ ወንድምሽ

ከእማዬ ቤት፣ ከኩሽናው ጠረጴዛ
ግንቦት 27 ቀን